መብራት ሲመለስ ፕሪንተሩ ለምን እንደገና «ፈቃድ የለም» ይላል? ለቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የተሰጠ ምላሽ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጉዳዩ፦ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የመሣሪያ ፋይል ፈቃድ ስህተትን በሚመለከት በዓምዳችሁ የወጣው ምክር እንዲታረም ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

በቅርቡ በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ አንድ አንባቢ የደረሰኝ ፕሪንተሩ በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ «ፐርሚሽን ዲናይድ» (ፈቃድ የለም) እያለ አልሠራ እንዳለው ጠይቆ ነበር። ዓምደኛው የመሣሪያውን ፋይል ፈቃድ ወደ 777፣ ማለትም ሁሉን ነገር ለሁሉም ወደሚፈቅደው፣ እንዲቀይር፣ ያም ካልረዳው ፕሮግራሙን በሩት፣ ማለትም ሁሉ በተፈቀደለት የአስተዳዳሪ መለያ፣ እንዲያስነሣ መክረውታል። ምክሩ አጭር ነው፤ ለጊዜውም መሥራቱን አልክድም። በከዚራ፣ በሳቢያንና በመጋላ ለሚገኙ ፋርማሲዎች፣ ፎቶ ኮፒ ቤቶችና የሥልጠና ማዕከላት ኮምፒውተር የምጠግን እንደመሆኔ ግን ዓምዱ ከወጣ ወዲህ ይህንኑ ትእዛዝ ያስገቡ ደንበኞች «ሠርቶ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ተመልሶ እምቢ አለ» እያሉ እየጠሩኝ ነው። ስለዚህ ምክሩ ለምን እንደማይጸና፣ በምትኩም ምን ቢደረግ እንደሚሻል ለአንባቢዎቻችሁ ማስረዳት አስፈላጊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጋዜጣው በፊደላችን ስለሚታተም የትእዛዞቹንና የፋይሎቹን ስም እንደምንጠራቸው አድርጌ ጽፌያለሁ፤ ኪቦርድ ላይ የሚገቡት በላቲን ፊደል መሆኑንና ትልቁና ትንሹ ፊደል እንደሚለያይ አንባቢ ያስታውስልኝ።

ዩኒክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው መሠረታዊ ሶፍትዌር) እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ እጅ ሲጀመር ከተያዙት መሠረታዊ ሐሳቦች አንዱ ከኮምፒውተሩ ጋር የተገናኘ መሣሪያ እንደማንኛውም ፋይል ተከፍቶ እንዲነበብና እንዲጻፍበት ማድረግ ነበር። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ ይዞ ቀጥሏል። በመሆኑም ዲስኩ፣ የድምፅ ካርዱ፣ ካሜራውና በዩኤስቢ የተሰካው የደረሰኝ ፕሪንተር «ዴቭ» በሚባለው ማውጫ ውስጥ በፋይል ስም ይገኛሉ። እነዚህ ፋይሎች በውስጣቸው የተቀመጠ ዳታ የላቸውም። የያዙት ሁለት ቁጥሮችን ብቻ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) የትኛውን ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም) መጥራት እንዳለበት፣ ሁለተኛው ደግሞ ድራይቨሩ ከሚያስተዳድራቸው መሣሪያዎች የትኛው እንደተፈለገ ያመለክታል።

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ተርሚናል ከፍቶ፣ የፋይል ዝርዝር የሚያሳየውን «ኤልኤስ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ኤል» አማራጭ ጋር በፋይሉ ላይ ያስኬደ ሰው አንድ መስመር ያገኛል፤ ዓምደኛው አንባቢያቸውን አስቀድመው ሊጠይቁት የሚገባውም ይህንን መስመር ነበር። ለምሳሌ ያህል ፕሪንተሩ በዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል የተሰካ ከሆነ ፋይሉ ኡቡንቱና ዴቢያን በተባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ላይ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ ዜሮ» ይባላል፤ መስመሩም በ«ሲ» ፊደል ይጀምራል። «ሲ» ማለት ዳታው በተከታታይ የሚፈስበት መሣሪያ ነው፤ ዲስክ ቢሆን በ«ቢ» ይጀምር ነበር። ቀጥሎ የባለቤቱ፣ የቡድኑና የሌሎች ፈቃድ በየተራ ይሰፍራል፤ ከዚያም ባለቤቱ «ሩት»፣ ቡድኑ «ዲያልአውት»፣ በስተመጨረሻም 188 እና 0 የሚሉት ቁጥሮች ይታያሉ። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ማስኬድ 1 ተብሎ ሲደመር የዚህ ፋይል ፈቃድ 660 ነው፦ ሩት ያነባል፣ ይጽፋል፤ የዲያልአውት ቡድን አባልም ያነባል፣ ይጽፋል፤ ሌላው ምንም አይችልም። ፕሪንተሩ በቀጥታ በዩኤስቢ ከተሰካ ደግሞ ፋይሉ «ኤልፒ ዜሮ»፣ ቡድኑም አብዛኛውን ጊዜ «ኤልፒ» ይሆናል። የጠያቂው ችግር ምን እንደሆነ፣ መፍትሔውም የት እንዳለ ይኸው መስመር ይናገራል፤ በኮምፒውተሩ የሚሠራው ገንዘብ ያዥ የዚያ ቡድን አባል አይደለም፣ ሊደረግ የሚገባውም አባል ማድረግ ነው።

ወደ 777 ልመለስ። በመጀመሪያ፣ የመሣሪያ ፋይል እንደ ፕሮግራም የሚሮጥ ነገር ስላልሆነ የማስኬድ ፈቃዱ ትርጉም የለውም፤ ሁሉን መክፈት እንኳ ቢፈለግ 666 ይበቃ ነበር። ይህ ትንሹ ስህተት ነው። ትልቁ ነገር የ«ዴቭ» ማውጫ በዲስክ ላይ ተጽፎ የሚቀመጥ አለመሆኑ ነው። በዛሬዎቹ ሊኑክሶች ላይ ከርነሉ ራሱ በሚሞሪ ላይ የሚያቋቁመው ጊዜያዊ የፋይል ሥርዓት ሲሆን፣ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንደ አዲስ ይሠራል፤ ዩኤስቢ ተነቅሎ በተሰካ ቁጥርም የዚያ መሣሪያ ፋይል ጠፍቶ እንደገና ይፈጠራል። ፋይሉ ሲፈጠር «ዩዴቭ» የተባለው አገልግሎት ደንቦቹን አንብቦ ባለቤቱን፣ ቡድኑንና ፈቃዱን ይሰጠዋል። ሰው በእጁ «ሲኤችሞድ» በተባለው የፈቃድ መለወጫ ትእዛዝ የለወጠውን ፈቃድ ግን ደንቦቹ ስለማያውቁት ከፋይሉ ጋር አብሮ ይጠፋል።

እንደ ድሬዳዋ መብራት በሚመላለስበት ከተማ ይህ ማለት የዓምዱ መፍትሔ ዕድሜው እስከሚቀጥለው የመብራት መጥፋት ድረስ ነው ማለት ነው። ባለሱቁ ግን የሚያየው ሌላ ነው፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሪንተሩ እምቢ ስለሚለው «ኃይሉ መታው» ብሎ ያምናል። ደህና ፕሪንተር በታይዋን ገበያ በሌላ ተለውጦ፣ አዲሱም ያንኑ መልእክት ሲያወጣ አይቻለሁ። ነገሩ የታከታቸው ሰዎች ደግሞ የ«ሲኤችሞድ»ን ትእዛዝ በየደቂቃው በሩት ስም እንዲሮጥ በ«ክሮን»፣ ማለትም ትእዛዝን በተወሰነለት ሰዓት በራሱ በሚያስነሣው አገልግሎት፣ ላይ ያስቀምጡታል። ይህ አሠራር መብራት ቢጠፋም ይጸናል፤ ነገር ግን ለአንድ ቡድን አባልነት ሊሰጥ የሚችለውን ፈቃድ ለማንኛውም ፕሮግራም ዘላቂ አድርጎ ያስቀምጣል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለደረሰኝ ፕሪንተር ብቻ ቢሆን ጉዳቱ ያን ያህል የከፋ አይደለም፤ ቢበዛ የማይመለከተው ሰው ትርፍ ወረቀት ያትምበት ይሆናል። የሚያሰጋኝ ልማዱ ነው፤ ትእዛዙን አንዴ የለመደ እጅ ነገ ለዲስክም ይጽፈዋል። የዲስኩ ፋይል «ኤስዲኤ» ለሁሉም ከተከፈተ ማንኛውም ተጠቃሚ ከፋይል ሥርዓቱ በታች ወርዶ ዲስኩን ማንበብ ስለሚችል፣ በእያንዳንዱ ፋይል ላይ የተጣለው ፈቃድ ሁሉ ከንቱ ይሆናል፤ የፋርማሲው የታካሚዎች መዝገብም ሆነ ተመስጥረው የተቀመጡት የይለፍ ቃሎች ለዚያ ሰው የተከፈቱ ናቸው። መጻፍም ስለሚችል በአንድ የተሳሳተ ትእዛዝ ዲስኩን ማጥፋት ይቻላል። «ኢንፑት» በሚለው ንዑስ ማውጫ ውስጥ ያሉት ፋይሎች ለሁሉም ከተከፈቱ ደግሞ ማንኛውም ፕሮግራም ኪቦርድ ላይ የሚመታውን ፊደል ሁሉ ሊመዘግብ ይችላል። ባርኮድ ማንበቢያዎች ለኮምፒውተሩ ራሳቸውን እንደ ኪቦርድ አድርገው ስለሚያቀርቡ፣ በሱቆቻችን ውስጥ ይህ ፈተና ከሚታሰበው በላይ ቅርብ ነው።

ፕሮግራሙን በሩት ማስነሣት የሚለው ሁለተኛው ምክር ከመጀመሪያውም ይብሳል፤ ችግሩን ከመሣሪያው ፋይል አውጥቶ ወደ ተራ ፋይሎች ያዛምተዋልና። የሒሳብ ፕሮግራሙ አንድ ቀን በ«ሱዶ»፣ ማለትም ትእዛዝን በሩት ሥልጣን በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ ሲነሣ የሚፈጥራቸው የቅንብርና የመዝገብ ፋይሎች ሁሉ ባለቤታቸው ሩት ይሆናል። በማግሥቱ ገንዘብ ያዡ በራሱ ስም ሲያስነሣው ፕሮግራሙ የገዛ ራሱን ፋይል መክፈት ያቅተውና ያው «ፐርሚሽን ዲናይድ» እንደገና ይመጣል። ሰውየው ፕሪንተሩ ነው ብሎ ያስባል፤ ፕሪንተሩ ግን ምንም የለበትም። ፕሮግራሙ መልእክቱን ሲያወጣ የፋይሉን ስም ካልጠቀሰ «ኤስትሬስ» በሚባለው መሣሪያ ሥር አስነሥቶ የትኛውን ፋይል ሊከፍት ሲል እንደተከለከለ ማየት ይቻላል፤ ከዚያም ባለቤትነቱን በ«ሲኤች ኦውን» ወደ ተጠቃሚው መመለስ በቂ ነው።

በሩት መሥራት የሚያመጣው አንድ ሌላ ብልሽትም አለ። «ኑል» የሚባለው የመሣሪያ ፋይል ፕሮግራሞች የማይፈለግ ጽሑፍ የሚጥሉበት ሲሆን፣ ፈቃዱ 666፣ ቁጥሮቹም 1 እና 3 ናቸው። በሩት የተነሣ ፕሮግራም የድሮውን ፋይል አጥፍቶ በስሙ አዲስ የሚፈጥር ዓይነት ከሆነና የውጤት ፋይሉ «ኑል» ነው ከተባለ፣ መሣሪያውን ሰርዞ በቦታው ተራ ፋይል ያስቀምጣል፤ ተራ ተጠቃሚ ያንን ማድረግ አይችልም ነበር። ከዚያ ወዲያ በኮምፒውተሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ በማያውቀው ምክንያት «ፐርሚሽን ዲናይድ» ያያል። በ«ኤልኤስ» መስመር ላይ የመጀመሪያው ፊደል «ሲ» መሆኑ ቀርቶ ሰረዝ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ይኸው ነው። ማውጫው በሚሞሪ ላይ ስለሚሠራ ግን ሪስታርት ማድረጉ ብቻ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ ለአንዴ እንኳ የመብራት መጥፋት የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ መልእክቱን ቃል በቃል ማንበብ ያስፈልጋል፤ ደንበኞቼ በስልክ «ፈቃድ የለም አለኝ» ሲሉኝ ከአራቱ መልእክቶች የትኛውን እንዳዩ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። በእርግጥ «ፐርሚሽን ዲናይድ»፣ ማለትም ስህተት ቁጥር 13 ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ የፋይሉ ወይም ወደ ፋይሉ የሚያደርሰው ማውጫ ፈቃድ ነው። «ኦፐሬሽን ኖት ፐርሚትድ»፣ ስህተት ቁጥር 1፣ ከሆነ ግን የተከለከለው ድርጊቱ ራሱ ነው፤ ፋይሉ 777 ቢሆንም ለውጥ ላያመጣ ይችላል። «ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ»፣ ቁጥር 16፣ የሚለው መሣሪያውን ሌላ ፕሮግራም ይዞታል ማለት ነው፤ ማን እንደያዘው «ፊውዘር» በሚባለው ትእዛዝ ይታወቃል፤ ብዙ ጊዜም ሳይዘጋ የቀረ የራሳችን መስኮት ነው። «ኖ ሳች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ»፣ ቁጥር 2፣ ደግሞ ፋይሉ ጭራሽ የለም ማለት ሲሆን፣ የሌለን ፋይል ፈቃድ መለወጥ አይቻልም።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ምክንያቱም በርካሽ የሚገዙትን የዩኤስቢ ሲሪያል ኬብሎችና የሥልጠና ማዕከላት ለተማሪ የሚያድሉአቸውን አርዱዪኖ የተባሉ የኤሌክትሮኒክስ መለማመጃ ቦርዶች በተደጋጋሚ የሚያጠቃው እሱ ነው። ከሚያጋጥሙኝ ብዙዎቹ «ሲኤች 340» የሚባለውን ቺፕ የያዙ ናቸው። በኡቡንቱ 22.04 ላይ ዓይነ ስውራን በብሬል ማሳያ እንዲጠቀሙ የሚያግዘው «ቢአርኤልቲቲዋይ» የተባለ ፕሮግራም ይህንን ቺፕ የብሬል ማሳያ መስሎት ስለሚወስደው፣ ፋይሉ ብቅ ብሎ ወዲያው ይጠፋል። «ዲሜሴጅ» የሚለውን ትእዛዝ በሱዶ ያስኬደ ሰው የፕሮግራሙን ስም ከከርነሉ መልእክቶች መካከል ያገኘዋል። በኮምፒውተሩ የሚጠቀም ዓይነ ስውር ከሌለ ፕሮግራሙን ማውጣት ይቻላል፤ ካለ ግን ሊወጣ አይገባም፤ ያንን ቺፕ የሚጠቅሰውን የፕሮግራሙን የዩዴቭ ደንብ ብቻ ማሰናከል ይበቃል። የሥልጠና ማዕከላት ይህንን ልብ እንዲሉልኝ አደራ እላለሁ፤ አንድን ቦርድ ለማሠራት ሲባል የአንድን ተማሪ ዓይን መንቀል አይገባም።

መልእክቱ በእርግጥ ቁጥር 13 መሆኑ ከተረጋገጠና መስመሩ ላይ ቡድኑ ከታየ ቀሪው ሥራ ተጠቃሚውን ወደ ቡድኑ ማስገባት ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን ላይ «አድዩዘር» ብሎ የተጠቃሚውን ስምና የቡድኑን ስም በሱዶ ማስገባት ይበቃል። ብዙ ሰው የሚጠቀመው «ዩዘርሞድ»ን ነው፤ እሱም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ትንሿ «ኤ» ከትልቁ «ጂ» ጋር ካልገባች ትእዛዙ መጨመሩን ትቶ ይተካል፤ ተጠቃሚውም ከዲያልአውት በቀር ካለበት ተጨማሪ ቡድን ሁሉ ይወጣል። ከእነዚያ ቡድኖች አንዱ «ሱዶ» ስለሆነ፣ በማሽኑ ላይ ብቸኛው አስተዳዳሪ እሱ ከሆነ ስህተቱን ለማረም የሚያስችለውን ሥልጣንም አብሮ ያጣል፤ ያኔ አብዛኛውን ጊዜ ኮምፒውተሩን ለጥገና በሚያገለግለው በሪከቨሪ ሞድ አስነሥቶ መመለስ ያስፈልጋል። ለዚህ ነው ለጀማሪ «አድዩዘር»ን የምመርጠው። አርች ሊኑክስ ለሚጠቀሙ የቡድኑ ስም «ዩዩሲፒ» እንጂ «ዲያልአውት» እንዳልሆነ ልጠቁም፤ ስሙን ከሰው ምክር ከመቅዳት ከመስመሩ ላይ ማንበብ የሚሻለው ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ወደ 777 የሚመለሰው፤ ወደ ቡድኑ ገብቶም መልእክቱ ስለማይለወጥ። የቡድን አባልነት የሚነበበው ተጠቃሚው ሲገባ፣ ማለትም ሎግ ኢን ሲያደርግ ነው፤ አስቀድሞ የተከፈተ ተርሚናልና ፕሮግራም የያዘው የድሮውን ዝርዝር ነው። ቀበሌ መዝገቡ ላይ ስምዎ ቢታረምም ኪስዎ ያለው መታወቂያ እስኪለወጥ ድረስ የድሮውን እንደሚናገር ማለት ነው። ለማጣራት ቀላል መንገድ አለ፦ «አይዲ» ብሎ ብቻውን ማስገባት አሁን ያለው ተርሚናል የያዘውን ያሳያል፤ «አይዲ» ብሎ የተጠቃሚውን ስም ማስከተል ደግሞ መዝገቡ የሚለውን ያሳያል። ሁለቱ ከተለያዩ ሎግ አውት አድርጎ መግባት ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ዴስክቶፖች ላይ ከበስተጀርባ የሚቀሩ ፕሮግራሞች ስላሉ ሪስታርቱ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ፕሮግራሙ በማን ስም እንደሚሮጥ ነው። በብሮውዘር የሚከፈቱ የሽያጭ ፕሮግራሞች ፕሪንተሩን የሚከፍቱት በገንዘብ ያዡ ስም ላይሆን ይችላል፤ ከበስተኋላ ያለው የዌብ ሰርቨር በኡቡንቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ «ደብሊውደብሊውደብሊው ዳታ» በሚባል ተጠቃሚ ስም ስለሚሮጥ፣ ወደ ቡድኑ መግባት ያለበት እሱ ነው፤ አገልግሎቱም እንደገና መነሣት አለበት። «ፒኤስ» የሚለው ትእዛዝ ይህንን ያሳያል። ሌላው ማስጠንቀቂያዬ «ዲስክ» የሚባለውን ቡድን ይመለከታል፤ ፍላሽ አልከፍት አለኝ ብሎ ራሱን ወደዚያ ቡድን የሚያስገባ ሰው ስሙ ተራ ተጠቃሚ ቢሆንም ሥልጣኑ የሩት ያህል ይሆናል።

ለመሣሪያው የሚስማማ ቡድን ያልተመደበ ከሆነ፣ ለምሳሌ ፋይሉ ባለቤቱም ቡድኑም ሩት ሆኖ ከተገኘ፣ ያኔ የዩዴቭ ደንብ መጻፍ ተገቢ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም የሚጸናው መፍትሔ ይህ ነው። «ኢቲሲ» ውስጥ፣ «ዩዴቭ» ሥር፣ «ሩልስ ነጥብ ዲ» በሚባለው ማውጫ ውስጥ ስሙ «ነጥብ ሩልስ» ብሎ የሚያበቃ ፋይል ይፈጠራል። በውስጡ አንድ መስመር ይጻፋል፦ የአምራቹ መለያ ይህ፣ የምርቱ መለያ ይህ ከሆነ ቡድኑን ዲያልአውት፣ ፈቃዱን 0660 አድርግ የሚል። ሁለቱን መለያዎች «ኤልኤስዩኤስቢ» ከሚለው ትእዛዝ ማግኘት ይቻላል። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በእኩል ምልክቱ ላይ ነው፤ ለማነጻጸር ሁለት እኩል ምልክት፣ ለመስጠት አንድ እኩል ምልክት ይገባል። ደንቡ ከተጻፈ በኋላ «ዩዴቭአድም» በሚባለው ትእዛዝ ደንቦቹ እንደገና እንዲነበቡ አድርጎ መሣሪያውን ነቅሎ መሰካት ያስፈልጋል፤ ደንብ ተሰክቶ የቆየን መሣሪያ በራሱ አያርምምና።

ደንቡ ሌላ ጥቅምም አለው። በአንድ ሱቅ ውስጥ ሚዛንና የደረሰኝ ፕሪንተር ሁለቱም በሲሪያል ኬብል ሲሰኩ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ቀድሞ የተገኘው «ዩኤስቢ ዜሮ»፣ የተከተለው «ዩኤስቢ አንድ» ይባላል፤ ቅደም ተከተሉ ሊገለበጥም ይችላል። ያኔ ፈቃዱ ደህና ሆኖ ሳለ ደረሰኙ ወደ ሚዛኑ ይላካል። በደንቡ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቋሚ ተጨማሪ ስም መስጠት ይቻላል፤ ያ እንኳ ባይሆን «ዴቭ» ውስጥ «ሲሪያል» በሚለው ማውጫ ሥር «ባይ አይዲ» በሚለው ውስጥ ሥርዓቱ ራሱ ያዘጋጀው ስም ይገኛል፤ ሁለቱ ኬብሎች ፍጹም አንድ ዓይነት ከሆኑና መለያ ቁጥር ከሌላቸው ግን «ባይ ፓዝ» የሚለውን፣ ማለትም የተሰኩበትን ቀዳዳ የሚከተለውን ስም መጠቀም ይሻላል። ያኔ ቀዳዳውን አለመቀያየር የባለሱቁ ኃላፊነት ይሆናል።

ሁለት ሦስት ነገሮችን በአጭሩ ልጥቀስ። ሰው ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ሲሠራለት በኤስኤስኤች ከሩቅ ሲገባ የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ አንዳንድ መሣሪያዎች በአካል ከማሽኑ ፊት ለተቀመጠው ተጠቃሚ ብቻ የሚሰጥ ተጨማሪ ፈቃድ ስላላቸው ነው፤ በፈቃዱ መጨረሻ የመደመር ምልክት ካለ ዝርዝሩን «ጌትኤፍኤሲኤል» ያሳየዋል። በስናፕ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከቀሪው ሥርዓት ለይቶ በሚያስኬደው የአጫጫን ዘዴ፣ የተጫነ ፕሮግራም ቡድኑም ፈቃዱም ተሟልቶ ሊከለከል ይችላል፤ የስናፑ ግንኙነት ለብቻው መፈቀድ አለበት። ፕሮግራሞችን ነጥሎ በሚያስኬደው በዶከር ውስጥ የሚሮጥ ፕሮግራምም ሲነሣ መሣሪያው በስም ካልተሰጠው አያገኘውም። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለቱ 777 የሚፈይደው ነገር የለም።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው በሚቀጥለው እትም ምክሩ እንዲታረም፣ ወደፊትም ዓምደኛው መልስ ሲሰጡ ጠያቂው የሚጠቀምበት ሊኑክስ የትኛው እንደሆነ፣ መልእክቱ ቃል በቃል ምን እንደሚል፣ የ«ኤልኤስ»ም መስመር ምን እንደሚያሳይ አስቀድመው እንዲጠይቁ ነው። ለእነዚህ ሦስት ነገሮች በዓምዱ ላይ የሚበቃ ቦታ ካልተገኘ መልሱ ባይሰጥ ይሻላል እላለሁ።

ምክሩን አስቀድመው የተከተሉ አንባቢዎች አይደንግጡ። ትእዛዙ የገባው በአንድ የመሣሪያ ፋይል ላይ ብቻ ከሆነ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ማድረግ ብቻ ፈቃዱን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል። በየደቂቃው የሚሮጥ የክሮን መስመር ወይም 0777 የሚል የዩዴቭ ደንብ ያስገቡ ካሉ ግን እሱን ማጥፋት አለባቸው። ችግር የሚሆነው ትልቁን የ«አር» አማራጭ ጨምሮ ከሥሩ፣ ማለትም ከመላው ሥርዓት ላይ ያስኬደ ሰው ካለ ነው። ያኔ የ«ሱዶ» ፕሮግራም በሩት ሥልጣን እንዲሮጥ የሚያደርገው ልዩ ምልክት አብሮ ስለሚጠፋ «ሱዶ» አልሠራም ይላል፤ ኤስኤስኤችም ለሁሉም የተከፈተ የምስጢር ቁልፍ አልቀበልም ይላል። እንዲህ ዓይነቱን ማሽን ፋይል በፋይል ለመጠገን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ በቀጥታ ከሚነሣ ፍላሽ አስነሥቶ የሒሳቡንና የደንበኞቹን ዳታ በሌላ ዲስክ ላይ መቅዳት፣ ከዚያም ሥርዓቱን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ከዚራ፣ ድሬዳዋ